ሳንዱክ ሩይት፦ የድሃን ዓይን በርካሽ የገለጠው ኔፓላዊ ሐኪም (ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ ኑ)

ሰሎ_ከአራዳ

ሰሞኑን ስለ አንድ ኔፓላዊ የዓይን ሐኪም ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ሳንዱክ ሩይት ይባላል። እዚህ መድረክ ላይ ስሙን ፈልጌ ስላጣሁት ራሴ ልክፈተው አልኩ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው በ1954 ኦላንግቹንግ ጎላ በምትባል መንደር ተወለደ። ከካንቼንጁንጋ ተራራ ወዲህ፣ የቲቤት ድንበር አፍንጫ ስር ያለች ቦታ ናት። መብራት የለ፣ ትምህርት ቤት የለ፣ ሐኪም ቤት የለ። አባቱ ትንሽ ይነግዱ ስለነበር ከመንደሩ ውጭ ያለውን ዓለም አይተዋል፤ ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው እጁን ይዘው ተነሱ፣ ሁለት ሳምንት ያህል በእግር ተጉዘው ሕንድ ውስጥ ዳርጂሊንግ ካለ የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቡትና ተመለሱ። ዘመድ በሌለበት አገር። ብዙም ሳይቆይ በ1962 ሕንድና ቻይና ተዋጉ፣ ልጁ ወደ ካትማንዱ ተዛወረ።

ሐኪም ያደረገው ግን ትምህርት ቤቱ አይደለም። ያንግ ላ የምትባል እህቱ በሳንባ ነቀርሳ ታመመች። መጀመሪያ የተሰጣት መድኃኒት አልያዘላትም። የተሻለ መድኃኒት ነበረ፣ ቤተሰቡ ግን መግዛት አልቻለም። ሞተች። መድኃኒቱ መኖሩን እያወቁ መሞት ማለት ምን እንደሆነ ልጁ በዓይኑ አየ። ሌሎች እህት ወንድሞቹም ገና በልጅነታቸው ነው የሞቱት።

ከዚያ ሕንድ ሉክናው ሄዶ ሕክምና ተማረ፣ ዴሊ ላይ የዓይን ስፔሻሊስት ሆነ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሩ ገብቶ መስራት ጀመረ። ያኔ ኔፓል ገጠር ውስጥ የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚወጣው በድንኳን ዘመቻ ነበር። የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ ከነሽፋኑ መንጭቀው ያወጡና ለበሽተኛው ወፍራም መነጽር ይሰጡታል። በቃ። ሰውየው መሃል መሃሉን ያያል፣ ዳርና ዳሩ ይወላገድበታል፣ ደረጃ መውረድ ይፈራል። መነጽሩ ከተሰበረ ደግሞ ተመልሶ ዓይነ ስውር ነው። ተራራ ላይ የሚኖር ገበሬ ስንት ቀን ሳይሰብረው እንደሚቆይ እናንተው ገምቱ።

በዚያው ዘመን ሀብታም አገር ያለ በሽተኛ ዓይኑ ውስጥ ሰው ሰራሽ ሌንስ ይቀመጥለት ነበር። የሩይት ጥያቄ አንድ ነው፦ ለገበሬውስ ለምን አይቀመጥም? ትልልቆቹ ሐኪሞች ሳቁበት። «ውድ ነው፣ ድንኳን ውስጥ ንጽህናው አይጠበቅም፣ አደገኛ ነው» አሉት። እሱ እምቢ አለ። የሕይወቱ ሙሉ ሥራ ከዚህች እምቢታ ነው የሚመዘዘው።

---

የጎንደሯ

ሰሎ እጅህ ይባረክ። የእህቱ ታሪክ አንጀቴን በላው። ሌንሱ ግን ዋጋው ስንት ነበር ያኔ? ሰው ሁሉ «ውድ ነበር» ብሎ ያልፋል።

---

ሰሎ_ከአራዳ

የጎንደሯ፣ አንዱ ሌንስ ከ100 ዶላር በላይ። የኔፓል ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ የሚያገኘው ከዚያ ብዙም የሚርቅ አልነበረም።

እዚህ ጋ ሌላ ሰው ይገባል። ፍሬድ ሆሎውስ። ኒውዚላንድ ተወልዶ አውስትራሊያ የኖረ፣ ተሳዳቢ፣ ግራ ዘመም፣ ተራራ ወጪ የዓይን ሐኪም። በ1985 ለዓለም ጤና ድርጅት ሥራ ኔፓል ሄዶ ከሩይት ጋር ተገናኙና በአንድ ጊዜ ተግባቡ። ሩይት ሲድኒ ሄዶ ከአንድ ዓመት በላይ እሱ ዘንድ ተማረ። እዚያው መቅረት ይችል ነበር። ተመለሰ።

ሁለቱ የደረሱበት ሐሳብ ቀላል ነው። ሌንሱን ከመለመን ራሳችን እንስራው። ሆሎውስ በ1993 መጀመሪያ በካንሰር ሞተ፣ ግን ገንዘቡ እየተሰበሰበ ነበርና በ1994 ካትማንዱ ላይ ጥልጋንጋ የሚባለው የዓይን ማዕከል ተከፈተ፣ የሌንስ ፋብሪካውም ሥራ ጀመረ። ዋጋው ከ5 ዶላር በታች ወረደ። ተሳስቼ አልጻፍኩም፣ አምስት ዶላር። ዛሬ ጥልጋንጋ የሰራውን ሌንስ ሌሎች አገሮችም ይገዙታል።

---

ጋሽ_በላይ

ልጆች፣ ታሪኩ ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ርካሽ ነገር ርካሽ ነው። አምስት ዶላር ሌንስ፣ አምስት ደቂቃ ቀዶ ሕክምና፣ በቀን መቶ ሰው… ይሄ ሕክምና ነው ወይስ ወፍጮ ቤት? ሀብታም ሲታመም በወረፋ አይሰራም። ድሃ ላይ ግን ፈረንጅም ሆነ ሐበሻ እጁን ይለማመዳል። ዘመቻ ሲባል ደግሞ ካሜራው ይቀድማል። እናንተ ገና ልጆች ናችሁ፣ ብዙ ዘመቻ አይቻለሁ።

---

ሲስተር_ማ

ጋሽ በላይ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚህ ላይ እከራከርዎታለሁ። የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ፣ ዘመቻ ላይም ሰርቻለሁ። የካሜራውን ነገር አልክድም፣ አንዳንዴ እኛንም ያናድደናል። ፍጥነቱ ግን ከግድየለሽነት የመጣ አይደለም። እንዴት እንደሚሰራ ልንገርዎት።

አንድ ሐኪም፣ ሁለት አልጋ። አንዱ አልጋ ላይ እየሰራ ሳለ ሁለተኛው ላይ ቀጣዩ በሽተኛ ታጥቦ፣ ተሸፍኖ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሐኪሙ ሲጨርስ ዞር ይላል እንጂ ቆሞ አይጠብቅም። ማደንዘዣው ውጭ ወረፋው ላይ እያሉ ተሰጥቷል። የሌንሱ ቁጥርም አስቀድሞ በመሣሪያ ተለክቶ ካርዳቸው ላይ ተጽፏል፣ ምክንያቱም ሌንስ እንደ ጫማ ቁጥር አለው፣ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የሚሰራው ዓይን እንዳይሳሳት ከቅንድቡ በላይ ፕላስተር እንለጥፋለን። ሌላ አገር ቡና እየጠጡ የሚባክነውን ሰዓት ነው የቆረጡት፣ ዓይኑ ላይ የሚጠፋውን ሰዓት አይደለም።

ሐኪሙ የሚያደርገው ደግሞ ይሄ ነው። በነጩ የዓይን ክፍል በኩል ስድስት ሰባት ሚሊሜትር የሚሆን መግቢያ ይከፍታል። በቀጥታ አይደለም፣ አግድም እንደ መሿለኪያ አድርጎ ነው። የደፈረሰውን ሌንስ በዚያ በኩል ያንሸራትትና ያወጣል፣ የሌንሱን ሽፋን ግን ፊቱን ብቻ ከፍቶ ቀሪውን ይተወዋል፣ አዲሱ ሌንስ እዚያ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መሿለኪያው አግድም ስለሆነ የዓይን ግፊት ራሱ ገጥሞ ይዘጋዋል። ክር የለ፣ መስፋት የለ። ሩይት ይህን አሰራር አስተካክሎ፣ አቅልሎ፣ ለገጠር እንዲሆን ያደረገ ሰው ነው።

---

ነጋ_ዴንቨር

ጋሽ በላይ ላሉት ቁጥር ያለው መልስ አለ። በ2007 የታተመ ጥናት ነው፣ ኔፓል የተሰራ። 108 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹን ዴቪድ ቻንግ የሚባል ስመ ጥር አሜሪካዊ ሐኪም ፋኮ በሚባለው ዘመናዊ ሞራ ሰባሪ ማሽን ሰራቸው፣ ግማሾቹን ሩይት በእጁ ሰራቸው። ከስድስት ወር በኋላ ሲለካ በሁለቱም ወገን 98 ከመቶው በመነጽር ሲታገዙ ጥሩ ያያሉ። ሩይት በአማካይ 9 ደቂቃ፣ ማሽኑ 15 ደቂቃ ተኩል። በማግስቱ የዓይን እብጠት በብዛት የታየው በማሽኑ በተሰሩት ላይ ነው።

ስለዚህ «ርካሽ» እና «ሁለተኛ ደረጃ» አንድ አይደሉም ጋሼ።

---

ጋሽ_በላይ

ቁጥሩን ተቀበልኩ። ታዲያ ያን ያህል ጥሩ ከሆነ እናንተ አሜሪካ ለምን በዚያ አትሰሩም? ለራስ ማሽን፣ ለኛ እጅ?

---

ነጋ_ዴንቨር

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። እዚህ ሰው ጋዜጣ ማንበብ ሲከብደው፣ ማታ መኪና ሲነዳ መብራት ሲበተንበት ሐኪም ጋ ይሄዳል። ሞራው ገና ለስላሳ ነው። ማሽኑ በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በሁለት ሦስት ሚሊሜትር ቀዳዳ ይመጠዋል፣ ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይድናል፣ መነጽር የመፈለግ ዕድሉም ይቀንሳል። ለዚህ ዓይነቱ በሽተኛ ማሽኑ ይሻላል፣ አልክድም።

ኔፓል ተራራ ላይ ወይም እኛ ገጠር ያለው ሰው ግን የሚመጣው ጨርሶ ሳያይ ሲቀር ነው። ሞራው ጠንክሮ ድንጋይ ሆኗል። እሱን በማሽን ለመስበር ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ዓይኑም ይጎዳል። በዚያ ላይ ማሽኑ ውድ ነው፣ በየበሽተኛው የሚጣል ዕቃ አለው፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲበላሽ ጠጋኙ ከውጭ ነው የሚመጣው።

---

የፊዚክስ_መምህር

ሌንሱን መጀመሪያ ማን እንዳሰበው ሳይነሳ ክሩ እንዳያልፍ። ሃሮልድ ሪድሊ፣ እንግሊዛዊ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን ኮፈን ሲመታ ስብርባሪው አብራሪዎቹ ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ኮፈኑ ከፐርስፔክስ የተሰራ ነው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ። ሪድሊ ያስተዋለው ነገር ይሄ ነው፦ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ለዓመታት ቢቆይም ዓይኑ አይቆጣም። ሌላ ባዕድ ነገር ቢሆን ያመረቅዛል። ታዲያ ከዚሁ ፕላስቲክ ሌንስ ብንሰራስ? ኖቬምበር 29 ቀን 1949 ለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ ሞከረው።

የሙያ ባልደረቦቹ ጉድ አደረጉት። የእኛ ሥራ ባዕድ ነገር ከዓይን ማውጣት ነው፣ አንተ ታስገባለህ? አሉት። ለአሥርተ ዓመታት እንደ ወፈፌ ሲያዩት ኖሩ። በኋላ ራሱ ሲያረጅ የሞራ ግርዶሽ ያዘውና እዚያው ሆስፒታል ያንኑ የራሱን ፈጠራ ዓይኑ ውስጥ አስገቡለት። የ«ሰር» ማዕረግ ያገኘው በ2000 ነው፣ በዓመቱ ሞተ። ለተማሪዎቼ ስለ ብርሃን ስብራት ሳስተምር ይህን ሳልነግራቸው አላልፍም፣ ከቀመሩ ይልቅ እሱን ነው የሚያስታውሱት።

---

አስመራ_የተወለደው

ሰሎ ግማሹን ታሪክ ዘለልከው። ሆሎውስ ፋብሪካ ያሰበው ለኔፓል ብቻ አይደለም፣ ለኤርትራም ነው። በ1987 ጦርነቱ ውስጥ ገብቶ ሜዳ ላይ ያለውን የትግሉን ሆስፒታል አይቷል፣ ከመሬት በታችና ዋሻ ውስጥ ሲሰሩ አይቶ ተደንቆ ነው የተመለሰው። የአስመራው የሌንስ ፋብሪካም በ1994 ነው ሥራ የጀመረው፣ ከካትማንዱው ጋር መንታ ማለት ይቻላል። ኤርትራ የክብር ዜግነት ሰጥታዋለች። ፖለቲካውን እዚህ አታምጡብኝ፣ ስለ ዓይን ነው የማወራው።

---

ሰሎ_ከአራዳ

አስመራ የተወለደው፣ ትክክል ነህ፣ ዋናው ልጥፍ እንዳይረዝም ብዬ ነው። ያስገረመኝ ነገር ግን በአንድ ዘመን፣ እዚሁ አፍንጫችን ስር፣ እንዲህ ያለ ፋብሪካ መኖሩን አብዛኛው ሰው አለማወቁ ነው።

አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ልጨምር። ሩይት በ2006 ሰሜን ኮሪያ ገብቶ ብዙ ሰው ሰርቷል፣ ሐኪሞችም አሰልጥኗል። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ሰዎቹ ተነስተው ማንን ቢያመሰግኑ ጥሩ ነው? ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመሪያቸውን ፎቶ። ሐኪሙ አጠገባቸው ቆሟል፣ እነሱ ፎቶው ፊት እየሰገዱ ያለቅሳሉ። እሱ አልከፋውም፣ ሲያዩ ማየት በቃው ይመስላል።

---

የጎንደሯ

😂😂 ጉድ ነው!

የኔን አያት ልንገራችሁ። ሁለቱም ዓይኗ ጠፍቶ ቤት ከዋለች ቆይታ ነበር። ዘመቻ መጣ ሲባል «አንድ እግሬ መቃብር ገብቷል፣ ብሩን ለልጆቹ ልብስ ግዙበት» አለች። ነጻ ነው ብንላት አላመነችም፣ ነጻ ነገር አይታ አታውቅማ። በስንት ልመና ወሰድናት። በማግስቱ ሲገለጥላት መጀመሪያ ያየችው የእናቴን ፊት ነው፣ ትኩር ብላ አየቻትና «ምነው እንዲህ አረጀሽ?» አለቻት። እናቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። ከሳምንት በኋላ ምስር ስትለቅም አገኘናት፣ ጠጠሯን እያወጣች። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ዘመቻ ክፉ አይወጣኝም፣ ጋሽ በላይ ይቅርታ።

---

ጋሽ_በላይ

ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አያትሽን ዕድሜ ይስጣት። እኔ እኮ ሕክምናውን ሳይሆን እየመጡ መሄዱን ነው የምጠላው። ሳምንት ሰርተው ይሄዳሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ዓይኑ የጠፋው ገበሬ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

---

ሲስተር_ማ

አሁን ተግባባን ጋሽ በላይ። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው።

ሩይትም የገባው ነገር ነው እኮ። ብቻውን ከ100 ሺህ በላይ ዓይን ሰርቷል፣ ግን አንድ ሰው ቢሮጥ ቢሮጥ የት ይደርሳል? ስለዚህ በ1995 ጂኦፍ ታቢን ከሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጋር የሂማላያን ካታራክት (የሞራ ግርዶሽ) ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ታቢን ኤቨረስት ላይ የወጣ ተራራ ወጪ ነው፣ መቼም የዓይን ሐኪምና ተራራ ምን እንዳገናኛቸው አላውቅም። ዋና ሥራቸው ማሰልጠን ነው። ኢትዮጵያም ገብተዋል፣ ኲሓ እና ቢሲዲሞ የነበሩትን ትልልቅ ዘመቻዎች የሰማችሁ ትኖራላችሁ፣ በአንድ ሳምንት ከ1000 በላይ ሰው የሚሰራበት። እዚያ የኛ ሐኪሞች አብረው ቆመው ይሰራሉ።

ጥልጋንጋም በምጽዋት ብቻ አይኖርም። የሚችል ሙሉውን ይከፍላል፣ ግማሽ የሚችል ግማሽ፣ ያልቻለ በነጻ። ከፋዩም የማይከፍለውም የሚያገኙት ቀዶ ሕክምና አንድ ነው፣ ልዩነቱ ክፍሉና አልጋው ላይ ነው። ሕንድ ማዱራይ ውስጥ ዶክተር ቬንካታስዋሚ በ1976 ጡረታ ከወጡ በኋላ በ11 አልጋ የጀመሩት አራቪንድም በዚህ መንገድ ነው ዛሬ የደረሰበት የደረሰው። እሳቸው ደግሞ በወጣትነታቸው በቁርጥማት ጣቶቻቸው የተጣመሙ ሰው ናቸው፣ በዚያ እጅ ነው ቢላ መያዝ እንደገና የተማሩት። እሳቸውን የሚመለከት ሌላ ክር ይከፈትልን።

ወደኛ ስንመጣ፣ በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ላይ ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር ነው፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ በሞራ ግርዶሽ። ማለትም ግማሹ ሊድን የሚችል። ስፔሻሊስቶቹ በብዛት አዲስ አበባ ናቸው፣ ገጠሩን የያዙት ካታራክት ሰርጀን የምንላቸው ለዚሁ ሥራ የሰለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ስማቸውን ማንም አያነሳም፣ እኔ ላንሳቸው። ሥራው ላይ ግን ሌንስ ያልቃል፣ ጠብታ ያልቃል፣ ማይክሮስኮፑ አምፖሉ ይቃጠልና ወር ይቆማል። ዘመቻ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ የሚያናድደውም ለዚህ ነው።

---

ኪሩ

ሲስተር ይቅርታ፣ ከርዕስ ልውጣ። አባቴ ግራ ዓይኑ ነጭ ሆኗል፣ ቀኙም እየደከመ ነው። ስኳር አለበት። ሰፈር ውስጥ «ሞራው እስኪበስል ጠብቁ» ብለውን ሁለተኛ ዓመቱ ሊሆን ነው። እውነት ነው?

---

ሲስተር_ማ

ኪሩዬ አትጠብቁ! ይሄ የድሮ ወሬ ነው። ሌንሱ ከነሽፋኑ ይወጣ በነበረበት ጊዜ የቀረ ምክር ነው። አሁን በቆየ ቁጥር ይጠነክራል፣ ለሐኪሙም ለአባትህም ይከብዳል። አንዳንዴ አብጦ የዓይን ግፊት ይጨምርና ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ሳላየው ሞራ ነው ልልህ አልችልም። ነጭ የሆነው ከውስጥ፣ ጥቁሩ መሃል ከሆነ ሞራ ሊሆን ይችላል። ከላይ፣ ዓይኑን ፊት ለፊት የሚሸፍነው መስታወት መሰል ክፍል ላይ ከሆነ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ያ በዚህ ቀዶ ሕክምና አይድንም። ግላኮማም (የዓይን ግፊት በሽታ) ካለ የጠፋው አይመለስም፣ ስለዚህ ቶሎ መታየት አለበት። በባትሪ ስታበሩበት ብርሃኑን ያውቀዋል? ከየት በኩል እንደሚመጣስ ይለያል? ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይሄን ነው። ስኳሩን ደግሞ አስተካክሉለት፣ ከፍ ብሎ ከሄደ ሳይሰሩት ይመልሱታል። የዓይኑን የጀርባ ክፍልም እንዲያዩለት ጠይቁ፣ ስኳር እዚያ ነው የሚጎዳው።

---

ኪሩ

ብርሃን ያውቃል፣ በመስኮት በኩል ማን እንዳለፈ በጥላው ይለያል። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ። ሁለቱም ዓይኑ በአንድ ቀን ይሰራል?

---

ሲስተር_ማ

በብዛት አይሰራም። የባሰበትን ያስቀድሙና እሱ ደህና ሲሆን ሁለተኛውን ይቀጥላሉ። ጠብታውን ሳምንታት ይወስዳል፣ ደህና ነኝ ብሎ እንዳያቋርጥ ተቆጣጠረው። እንዳያሸው፣ ሻወር ሲወስድ ውሃ እንዳይገባበት። ከተሰራ በኋላ ከቀላ፣ ካመመው ወይም እይታው ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን መልሰው። የስኳር ካርዱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዘህ ሂድ፣ ያለዚያ አንድ ቀን ታቃጥላለህ።